ከአፈር የተሠራ ትምህርት ቤት ክረምት ይሻገራል ወይ? ስለ ፍራንሲስ ኬሬ ሥራዎች የተነሣ ክርክር

ይህን የውይይት ክር በመድረኩ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በርክቶ ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከየት እንደሚጀምሩ ሲቸገሩ ስላየሁ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እያስከተልኩ በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻው ጽሑፍ

የተወለድኩት ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ቆላው ውስጥ ነው። አሁን የምኖረው ጀርመን ሲሆን የእጅ ሙያዬ ልስንና ቀለም ነው። የአገር ልጆች ተሰባስበን ለተወለድንበት ቀበሌ ሦስት መማሪያ ክፍሎች ለማሠራት ማዋጣት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ኮሚቴው ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን ብሎ ወስኗል። እኔም ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት እንደዚያ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ግሎ አናታችንን ይጠብሰን ነበር፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ዴስኩ ላይ ተደፍተው ይተኛሉ። ዝናብ ሲወርድ ደግሞ መምህራችን ጠመኔውን አስቀምጦ ዶፉ እስኪያባራ ይቆማል፤ ቢጮህም የሚሰማው የለም።

ስለ ሥነ ሕንፃ ባለሙያው ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ሳነብ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው። ኬሬ በ1965 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበሩ፤ በእኛ አጠራር ጭቃ ሹም ልንላቸው እንችላለን። ጋንዶ ትምህርት ቤት ስላልነበራት በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ ቴንኮዶጎ ወደምትባል ከተማ ተላከ። ከመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት የገባ የመጀመሪያው እሱ ነው። የተማረበት ክፍልም ብርሃን የሌለው፣ ሙቀት የታመቀበት፣ ልጆች የታጨቁበት ነበር። በ1985 በአናጺነት ሙያ ለመሠልጠን በስኮላርሺፕ በርሊን ገባ። ቀን ጣሪያና የቤት ዕቃ መሥራት እየተማረ ማታ ሁለተኛ ደረጃውን ጨረሰ፤ በ1995 ደግሞ በበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ የሚማርበት ነፃ ዕድል አገኘ። በ2022 በሙያው ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ተቀበለ። ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው።

ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነበር፦ ኬሬ ዲግሪውን ይዞ ወደ መንደሩ ተመለሰ፣ በባዶ ጭቃ ትምህርት ቤት ሠራ፣ ዓለም አጨበጨበለት፤ እኛም እንደዚያው ማድረግ አለብን። ጥያቄዬ ደግሞ ኮሚቴውን በምን ላሳምን የሚል ነበር። እንደምታዩት፣ ከሐሳቤ ውስጥ ሁለቱ ነገሮች ስህተት ሆነው ተገኙ።

1ኛ መልስ። የጻፈችው ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። አመስግናኝ፣ በዝናብ ሰዓት ዝም ብሎ ስለ መቆሙ የጻፍኩት የራሷን ሃያ ሰባት ዓመት እንዳስታወሳት ገለጸች። እሷ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹን በቃል ማስተማሩን ትታ ሥዕል ታስላቸው ነበር።

2ኛ መልስ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነው። በትሕትና ግን ሳያመነታ አረመኝ። የጋንዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለቀው በ2001 ነው፤ ኬሬ የተመረቀው በ2004። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን የሠራው ገና ተማሪ ሳለ ነው። በ1998 ለጋንዶ ትምህርት ቤት የሚረዳ ማኅበር በርሊን ውስጥ አቋቋመ፤ አብረውት የሚማሩትን ለቡናና ለሲጋራ የሚያወጡትን ቀነስ አድርገው እንዲያዋጡ ለመነ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ 50,000 ዶላር ተሰበሰበ። በተመረቀበት በ2004 ያው ሕንፃ የአጋ ካንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። የራሱን ቢሮ በርሊን ላይ የከፈተው በ2005 ነው።

ይህን እርማት በደስታ ነው የተቀበልኩት። ሰውየው ወረቀቱን አልጠበቀም። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ ነን።

3ኛ መልስ። በግንበኝነት ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ አሁን አዳማ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከመልሶቹ ሁሉ ረጅሙ የእሳቸው ነው፤ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። የጀመሩት ባዶ ጭቃ ያልኩትን በመቃወም ነው። የጋንዶ ግድግዳ እኛ በማገርና በጭድ የምንመርገው ዓይነት አይደለም፤ አፈሩ ትንሽ ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት በእጅ ማሽን ተጨምቆ ጡብ የሆነ ነው። እሳት አይገባም፣ በጥላ ይደርቃል። እኛም አገር ሃይድራፎርም በሚባለው ማሽን ተመሳሳይ ነገር ተሠርቷል።

ዋናው ምሥጢር ግን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ጣሪያው ላይ ነው ብለው አሳዩን። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፤ በአንድ መስመር ተሰልፈው በመካከላቸው ጥላ ያለው ክፍት ቦታ አለ። በየክፍሉ ላይ ጡብ ያለ ሲሚንቶ ተደርድሮ ኮርኒስ ሆኗል፤ በጡቦቹ መሃል ክፍተት አለ። ከኮርኒሱ በላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቶ ቆርቆሮው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው በመሃል ያለው አየር ሞቆ ይሄዳል፤ እሱ ሲሄድ ከክፍሉ ውስጥ ያለውን ትኩስ አየር በኮርኒሱ ክፍተት ይስበዋል፤ በመስኮቱ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለው ይገባል። ማራገቢያ የለም፣ መብራት አይፈልግም። ቆርቆሮው ከግድግዳው ርቆ ስለሚወጣ ፀሐዩም ዝናቡም ጡቡን አያገኘውም። ድምፁንም ቢሆን የጡቡ ኮርኒስ ስለሚይዘው መምህሩ ዶፍ ውስጥ ማስተማር ይችላል። እሳቸው እንደሚሉት ጭቃ ቤት የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከታች የሚጠጣ መሠረትና ከላይ አጭር ጣሪያ። ስለዚህ ገንዘቤን ከግድግዳው ቆጥቤ ለድንጋይ መሠረቱና ለጣሪያው እንዳውለው መከሩኝ።

4ኛ እና 5ኛ መልስ። አንዱ እንዲህ ያለ ጣሪያ ያለ ክሬን እንዴት እንደተሰቀለ ጠየቀ። 2ኛው ተማሪ ተመልሶ መለሰለት፦ ወጋግራው የተሠራው እኛ ለኮንክሪት ከምንጠቀምበት ተራ ፌሮ ነው። የመንደሩ ሰዎች በእጅ መጋዝ መቁረጥ፣ በትንሽ የብየዳ ማሽን ማያያዝ ተማሩ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሰው በእጁ የሚያነሣው ክብደት እንዲኖረው ተደርጎ ነው የተነደፈው። ወለሉን ሴቶች ተሰልፈው እየጠቀጠቁ አደላደሉት። ትምህርት ቤቱ ሲያልቅ መንደሩ ውስጥ ሙያ ያላቸው ሰዎች ቀሩ፤ በኋላ የመምህራን ቤትና ተጨማሪ ክፍሎች ሲሠሩ ኬሬ የሠራው ከእነሱው ጋር ነው። ተማሪው ከ120 ተነሥቶ 700 ደረሰ።

6ኛ መልስ። እዚህ ላይ ነፋሱ ተለወጠ። ጸሐፊው ጭቃ ማለት ድህነት ማለት ነው ባይ ነው። ፕሪትዝከርን የሚሰጠው ሆቴል ያለው የአሜሪካ ቱጃር ቤተሰብ የመሠረተው ሃያት ፋውንዴሽን መሆኑን አስታውሶ፣ ሀብታሞች ለራሳቸው መስታወትና ብረት እየሠሩ አፍሪካዊውን በጭቃው ሲያሞግሱት ባለበት እንዲቀር ነው የሚፈልጉት አለ። አያቱ ከጭቃ ቤት ለመውጣት ዕድሜ ልካቸውን ለፍተዋል፤ እሱ ልጁን ወደዚያ መልሶ አይከትም።

7ኛ መልስ። ቁጣ ነው። ጽሑፉን ሳታነብ ጻፍክ ብላ 6ኛውን ገሠጸችው። ቀጥላ ግን ጠቃሚ ነገር አመጣች፦ እሱ የተናገረውን ቃል በቃል የጋንዶ ሰዎችም ተናግረውታል። ኬሬ የገንዘቡን ዜና ይዞ ሲመጣ መንደሩ በደስታ ተሞላ፤ በአፈር ነው የምንሠራው ሲል ግን ሰው ሁሉ ደነገጠ። የአፈር ቤት አንድ ክረምት እንኳ እንደማይችል ያውቃሉ። ይህ ልጅ ያን ሁሉ ዓመት አውሮፓ የከረመው ይህን ለመማር ነው ወይ ብለው እርስ በርስ ተጠያየቁ። ኬሬም በንግግር አልተሟገታቸውም። ሞዴል ሠርቶ ከአፈር ጡብ የተገነባ ቅስት ላይ ሰው ወጥቶ ሲዘል አሳያቸው፤ ቅስቱ አልተናደም። ሐሳቧ፣ ሰዎቹ ተገደው ሳይሆን አይተው ነው የተስማሙት የሚል ነው።

8ኛ መልስ። 6ኛው መለሰ፤ መልሱ እኔን ነካኝ። በክረምት ማሞቂያ ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጠን ለአገር ቤት ልጆች ጭቃ የምንመርጥላቸው እኛ መሆናችንን ጻፈ። ለራሴ ልጅ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት እመርጥ እንደሆነም ጠየቀኝ።

9ኛ መልስ። ይህ የእኔ ነው። ለአንድ ቀን ዝም ካልኩ በኋላ ጻፍኩ። ጥያቄው ትክክል መሆኑን አመንኩ፤ ልጄን ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ ባስተምር ከብሎኬቱ ይልቅ ቀዝቃዛውን ክፍል እንደምመርጥላት ግን ያለ ማመንታት ነገርኩት። ከዚያ ከኬሬ ሕይወት ውስጥ ልቤን የነካውን ነገር ጨመርኩ። ልጅ ሳለ ዕረፍቱን ጨርሶ ከጋንዶ ወደ ከተማ ሲመለስ በየደጁ እየዞረ ይሰናበት ነበር። የመንደሩ ሴቶች ከልብሳቸው ላይ የቋጠሯትን የመጨረሻ ሳንቲም ፈትተው ይሰጡታል። እናቱን ለምን እንዲህ እንደሚወዱት ሲጠይቃቸው፣ ሴቶቹ ለትምህርቱ የሚያዋጡለት አንድ ቀን ተመልሶ መንደሩን ይረዳል ብለው መሆኑን ነገሩት። እኔንም ያሳደገኝ በመቀነት የተቋጠረ ብር ነው። አዲስ አበባ ለፈተና ስሄድ አክስቴ ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችኝን አስር ብር እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እኔና ኬሬ በሌላ ነገር አንገናኝም፤ በዚህ ግን ዕዳችን አንድ ዓይነት ነው።

10ኛ መልስ። ከእስራኤል የጻፉ እናት ናቸው፤ ልጃቸው እየጻፈላቸው መሆኑን አስቀድመው አሳወቁ። 6ኛውንና 7ኛዋን ልጆቼ ብለው ጠርተው፣ ሁለቱም የተቆጡት ለልጆች አስበው ስለሆነ ቁጣው ይብቃ አሉ። ከዚያ ማንም ያላነሣውን ነገር አነሡ። እሳቸው ጎንደር አጠገብ ወለቃ ነው የተወለዱት፤ እናታቸውም አያታቸውም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው የጋንዶን ቤተ መጻሕፍት ፎቶ አሳይታቸዋለች። ኬሬ የመንደሩን ሴቶች የሠሩትን እንስራ እንዲያመጡ ጠይቆ፣ እንስራዎቹን አስቆርጦ በኮርኒሱ ውስጥ አስገባቸው። በክብ ክቡ ቀዳዳ ከላይ ብርሃን ይወርዳል፣ ሙቀት ይወጣል።

እሳቸው ልጅ ሳሉ ሸክላ ሠሪ ስም ይወጣላት ነበር። ገበያ ላይ ድስቱን እየገዛ እሷን የሚሸሽ ሰው አይተዋል። አሁን እንስራ የመጻሕፍት ቤት ጣሪያ ሆኖ ልጅ በእሱ ብርሃን ሲያነብ ማየታቸው አስለቅሷቸዋል። ከዚህ መልስ በኋላ ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም። እኔም ብሆን ከክሩ ሁሉ የማስቀምጠው ይህን ነው።

11ኛ እና 12ኛ መልስ። ከዋሽንግተን አንድ ወንድም ኬሬ የሠራውን የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየም ደጋግሞ እንደጎበኘ ጻፈ። 12ኛው ወዲያው አረመው፦ ያ በ2016 የተከፈተው ሙዚየም መሪ ነዳፊው ዴቪድ አጃዬ ነው፤ ወላጆቹ ጋናውያን፣ የተወለደው ዳሬ ሰላም። የኬሬን ሥራ በአሜሪካ ማየት የፈለገ ሞንታና ይሂድ፤ በ2019 ቲፐት ራይዝ በተባለ የሥነ ጥበብ ስፍራ ከግንድ እሽጎች ጥላ ሠርቷል። 11ኛው አመስግኖ ስህተቱን ተቀበለ። ሁለቱ ሰዎች ስለ ሙዚየሙ የነሐስ መልክ ያለው መጋረጃ ብዙ አወሩ፤ እሱን አልፌዋለሁ።

13ኛ መልስ። ከመንዝ ነው። እኔ ካሰብኩት በላይ ወደ ፊት የወሰደን እሱ ነው። መንዝ ላይ የልጆች ችግር ሙቀት ሳይሆን ብርድ ነው፤ ጣሪያውን ከፍቶ አየር ማስወጣት ልጆቹን ማሳመም ይሆናል። ድንጋይ ሞልቷል፤ አያቶቹም በድንጋይ ነው የገነቡት። ስለዚህ ኬሬን መከተል ማለት ጭቃ ማቡካት ማለት ከሆነ ለመንዝ አይሠራም። ራሱ ኬሬ ግን የሚገነባበት ነገር በየቦታው ይለያያል። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ኩዱጉ ከተማ በ2016 ባለቀው ሊሴ ሾርጌ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳው ላተራይት የሚባለው ቀይ ድንጋይ ነው፤ ከመሬት ሲቆረጥ ለስላሳ ሆኖ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ሞንታና ላይ ግንድ። በ2017 ለንደን ኬንሲንግተን ገነት ውስጥ ሰርፐንታይን ለተባለው የሥነ ጥበብ ማሳያ ድንኳን ሲሠራ እንጨትና ብረት። ለንደን ዝናባም ስለሆነች የድንኳኑን ጣሪያ እንደ ቁልቁል ጉድጓድ አጎድጉዶ ውሃው ወደ መሃል እንዲፈስና እንዲጠራቀም አደረገ፤ ቅርጹን ያገኘው ሰው ከሥሩ ተሰብስቦ ከሚያወራበት የጋንዶ ዛፍ ነው። ግድግዳውን ሰማያዊ ያደረገው በአገሩ ሰው ለክብር ቀን የሚለብሰው ቀለም ስለሆነ ነው።

6ኛው እዚህ ላይ ብቅ ብሎ፣ ነገሩ ጭቃን ማምለክ ሳይሆን በእጅ ያለውን ማወቅ ከሆነ ተቃውሞው ግማሹ እንደሚነሣ ጻፈ። ግማሹን ግን አስቀመጠው።

14ኛ፣ 15ኛ እና 16ኛ መልስ። 14ኛዋ በሊሴ ሾርጌ የክፍሎቹን ግድግዳ እንደ አጥር ከበው ጥላ የሚሰጡት እንጨቶች ባሕር ዛፍ መሆናቸውን አስተዋለች። ዘጠኙ ክፍሎች ግቢውን ከበው ይቆማሉ፤ በእንጨቱና በግድግዳው መካከል ልጆች ይጫወታሉ፤ ከየጣሪያው ላይ ነፋስ የሚይዝ ማማ ይታያል። ባሕር ዛፍ ውሃ የሚመጥና መሬቱን የሚያደርቅ ዛፍ ስለሆነ ቆርጦ ለሕንፃ ማዋል ጥሩ ነው ብላ አሰበች። 15ኛው በባሕር ዛፍ ላይ ክፉ መናገር አይገባም ብሎ ተነሣ፦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ትፈርስ ነበር፤ እሱ ራሱ የተማረው በባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው። ለአሥራ አንድ ጽሑፍ ያህል በዛፍ ላይ ተከራከሩ፤ በተራ ቁጥሩ ውስጥ አላስገባኋቸውም። 16ኛው ደግሞ ኬንያ ውስጥ ቱርካና ሐይቅ ዳር በ2021 ስላለቀው የስታርትአፕ ላየንስ የወጣቶች ማሠልጠኛ አመጣ። የሕንፃው ረጃጅም ማማዎች የኩይሳን መልክ የያዙ ናቸው፤ ምስጥ ኩይሳውን እንደሚያነፍሰው ማማዎቹ ሙቅ አየር ያወጣሉ። ግን ቱርካና የሚጠጣው አብዛኛውን ውሃ ከኦሞ ስለሆነ ወሬው ወደ ግድብ ሄደ፤ የመድረኩ አስተባባሪ ለግድቡ ሌላ ክር ከፍቶ መለሰን።

17ኛ መልስ። አሌክሳንድሪያ የተማሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ለእኔ የጻፉት ማስጠንቀቂያ ነው። ግብፃዊው ሐሰን ፋቲ በ1940ዎቹ ሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለ መንደር በጭቃ ጡብ ገነባ። ሥራው ውብ ነበር፤ ቅስቱ፣ ጉልላቱ፣ ግቢው ሁሉ የታሰበበት። ሰዎቹ ግን ለመግባት እምቢ አሉ። መተዳደሪያቸው ከጥንት መቃብሮቹ አጠገብ ስለነበረ ከዚያ መነሣት አልፈለጉም፤ ጉልላት ደግሞ እነሱ ዘንድ የመቃብር ምልክት ነው። ፋቲ ስለ አፈር ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ኬሬን የለየው የአፈር ዕውቀቱ ሳይሆን የመንደሩ ልጅ መሆኑ ነው። እሳቸው የጠየቁኝ አጭር ጥያቄ ነው፦ የእኔ ኮሚቴ ውስጥ ቀበሌው ውስጥ የሚኖር ስንት ሰው አለ? አንድም እንደሌለ መመለስ ነበረብኝ። ሁላችንም ውጭ አገር ነን።

18ኛ እና 19ኛ መልስ። 18ኛው ስለ ትምህርት ቤት ማውራቱ ሰለቸውና ወደ ትልልቆቹ ሥራዎች ተሻገረ፤ ቃሉ ስለታም ነው። በመንደር የጀመረ ሰው አሁን ለመንግሥታት ይነድፋል ባይ ነው። የቤኒን ፓርላማ ፖርቶ ኖቮ ላይ ግንባታው በ2021 ተጀመረ። የቀድሞው የቡርኪና ፋሶ መሪ የቶማስ ሳንካራ መታሰቢያ መቃብር ዋጋዱጉ ላይ በ2025 ተመረቀ፤ የመረቀው ደግሞ ወታደራዊ መንግሥት ነው። ኬሬ ከሕዝቡ ጎን መቆሙ አብቅቷል ብሎ ደመደመ።

19ኛዋ አልተቀበለችውም። የቤኒኑ ፓርላማ ቅርጽ የተወሰደው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከሚመክሩበት ዛፍ ነው፤ ከላይ የሚዘረጋ ሕንፃ ነው። በ2014 የቡርኪና ሕዝብ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ማራዘም ተቃውሞ ፓርላማውን ሲያቃጥል፣ ኬሬ ለአዲስ ፓርላማ ያቀረበው ንድፍ ሕዝቡ በደረጃው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከተማውን የሚያይበት ነበር፤ ከተመረጡት ራስ ላይ መራጩ ይቆማል ማለት ነው። ሳንካራም ቢሆን ሕዝቡ በገዛ አገሩ ጥጥ የተሸመነ እንዲለብስ የሰበከ መሪ ነው፤ በ1987 በተገደለበት ስፍራ መታሰቢያውን የአገሩ ልጅ መንደፉ ክህደት አይደለም። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ግን 18ኛው ያነሣው ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ሕንፃ የሠራው ሰው ቁልፉ ማን እጅ እንደሚገባ አይወስንም። በዚህ ላይ ሁለቱ እስከ ሌሊት ተከራከሩ፤ በስድብ ባያልቅም በመኮራረፍ አለቀ።

20ኛ መልስ። አዲስ አበባ የሕንፃ ኮሌጅ የተመረቀች ባለሙያ ናት። ኮሌጁ ከስዊስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2010 አካባቢ ግቢው ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ከአፈር መሥራቱን አስታወሰችን። ታችኛው ግድግዳ በፎርማ መካከል የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ወለሉን የተሸከመው ደግሞ ከስስ የአፈር ንጣፍ የተሠራ ቅስት። እኛ አገር አፈር ወደ ላይ መውጣት እንደሚችል ተማሪዎች በዓይናቸው አይተዋል። እሷ ከተመረቀች በኋላ ለአንድ ጤና ኬላ የአፈር ጡብ ንድፍ አዘጋጅታ ነበር። የሚያጸድቀው ክፍል የዋጋ ዝርዝር ውስጥ የተጨመቀ አፈር የሚል መስመር የለም ብሎ ወረቀቱን መለሰላት። ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመለሰች፤ በመጨረሻ ብሎኬት ብላ ጻፈች፤ ያ ጤና ኬላ ዛሬ ከቀትር በኋላ ታካሚ ውጭ ዛፍ ሥር የሚጠብቅበት ሆኗል። ለእኔ የሰጠችኝ ምክር ከንድፉ በፊት የወረዳውን መሐንዲስ ጡቡን አስነክቼ እንዳሳየው ነው።

3ኛው ግንበኛ ይህን አንብበው ተመለሱ። ወረቀት ላይ የሚጻፈው የሲሚንቶ መጠን ስንት ነው፣ ጡቡ ምን ያህል ይሸከማል የሚለውን ያለ ላቦራቶሪ መናገር እንደማይቻል፣ ጡቡን አድርቆ ማስፈተሽ ግን ከአንድ ክፍል ቆርቆሮ ዋጋ እንደማይበልጥ አስረዱ።

21ኛ መልስ። የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው፦ ሸዋ ሮቢት የሚሠራ ወጣት ግንበኛ፣ የእኛን ቀበሌ የሚያውቅ። መንገዱ ዳር ያለው ጥቁር ኮቲቻ አፈር ለጡብ እንደማይሆን አስጠነቀቀኝ፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከወንዙ ማዶ ቀይ አፈር አለ። አፈሩን በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጦ አንድ ሌሊት አስቀምጦ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመካከል፣ ሸክላው ከላይ ሲረጋ ለክቶ ፎቶ አያያዘ። እኔ ሳልጠይቀው ነው ያደረገው። አሸዋው ከግማሽ በላይ ነው፤ 3ኛው ግንበኛ አይተው ለጡብ መልካም መሆኑን መሰከሩ።

ከዚያ በኋላ 6ኛው ጻፈ። የጡብ መሥሪያ የእጅ ማሽን አዋሽ አካባቢ የሚያከራይ ሰው ያውቃል፤ ለሙከራ ከተፈለገ ኪራዩን እሱ ይከፍላል። ጡቡ ቢፈርስ ግን እዚሁ ክር ላይ ፎቶው እንዲለጠፍ ቃል አስገባኝ። ገባሁለት።

22ኛ መልስ። ሸዋ ሮቢት ያለው ወጣት ሃያ አራት ጡቦች አምርቷል። ስምንቱ ባዶ አፈር ናቸው፣ ስምንቱ ጥቂት ሲሚንቶ አላቸው፣ ስምንቱ ከዚያ ጨመር ያለ። ሁሉንም አድርቆ በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንጋይ ላይ፣ ያለ ምንም ክዳን፣ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ደርድሯቸዋል። ልጆቹ በየቀኑ እየሄዱ ያዩአቸዋል። ትናንት በመጣው ፎቶ ከባዶዎቹ ስምንት ሦስቱ ጠርዛቸው ረግፏል፤ ሲሚንቶ ያላቸው ቆመዋል። የቀበሌው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ጡቡን በጥፍራቸው ፍቀው ሄደዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ዘመዴ ናቸው፣ ስልክ ደውለው ኮሚቴው ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቁኝ። ስማቸውን ራሴ ጨመርኩ። የሚቀጥለው ፎቶ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይመጣል።